ከፊት የሚነሡ ቁምፊዎች፦ በስክሪፕት ቋንቋዎች ውስጥ የአንድ ትንሽ ሥራ ታሪክ

በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ስትሪንግ የሚባለው በተራ የተደረደሩ ቁምፊዎች ስብስብ ሲሆን፣ ቁምፊ የሚለውም መጠሪያ ፊደልን፣ አኃዝን፣ ሥርዓተ ነጥብንና ባዶ ቦታን ሁሉ ያጠቃልላል። አንድ ስትሪንግ ከፊቱ የማይፈለግ ነገር ይዞ ሲገኝ፣ ለምሳሌ የደረሰኝ ቁጥር «000417» ተብሎ ሲመዘገብ፣ የፋይል ስም የተቀመጠበትን የማኅደር አድራሻ በሙሉ አስቀድሞ ሲመጣ፣ ወይም በኢትዮጵያ የስልክ ቁጥር ፊት ያለው ዜሮ ተነሥቶ በ+251 መተካት ሲኖርበት፣ ያን የፊት ክፍል አንሥቶ ቀሪውን ማስቀረት ከፕሮግራም ጸሐፊ የዕለት ተዕለት ሥራዎች አንዱ ነው። ሥራው ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ በኮምፒዩተር ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የራሱ ምዕራፍ የለውም። ይሁን እንጂ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች፣ ማለትም አንድን የታወቀ ቁራጭ ከፊት ማንሣትና የአንድ ስብስብ አባላት የሆኑ ቁምፊዎችን እስኪያልቁ ድረስ ከፊት መልቀም፣ ለብዙ ዐሠርት ዓመታት እንደ አንድ ሲታዩ መኖራቸውን የሚያሳይ በመሆኑ፣ ስለ ፕሮግራም ቋንቋዎች አነዳደፍ ከትልልቆቹ ርእሶች ያላነሰ ያስተምራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ሥራ መነሻ ስክሪፕት ቋንቋ ከሚባሉት፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ አስቀድሞ መተርጐም ሳያስፈልጋቸው በተጻፉበት መልክ ወዲያው ከሚሠሩት ቋንቋዎች መፈጠር በፊት ነው። አይቢኤም በ1928 ያወጣው ባለ 80 ዓምድ ቀዳዳ ካርድ ለዐሠርት ዓመታት ዋነኛው የመረጃ መያዣ ሆኖ ሲያገለግል፣ እያንዳንዱ መረጃ በካርዱ ላይ የተወሰነለት ዓምድ ስለ ነበረው፣ የተመደበው ቦታ ከመረጃው ሲሰፋ ትርፉ በባዶ ቦታ ወይም በዜሮ ይሞላ ነበር። ልማዱም ስሞች ወደ ግራ ተጠግተው በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ እንዲተዉ፣ አኃዞች ግን አንድ ቤት ከአንድ ቤት በታች፣ ዐሥር ቤት ከዐሥር ቤት በታች እንዲውል ወደ ቀኝ ተጠግተው በግራ በኩል በዜሮ እንዲሞሉ ነበር። እንግዲህ የፊት ዜሮዎች ማንም ሰው አስቦ ያስቀመጣቸው ሳይሆኑ የካርዱ ስፋት የወለዳቸው ናቸው፤ ካርዱ ከቀረ በኋላም በባንክ የሒሳብ ቁጥሮች፣ በዕቃ መለያዎችና በሠራተኛ መዝገቦች ውስጥ ቀርተዋል። በ1957 የወጣው የፎርትራን ቋንቋም የዓምድን ሥርዓት በራሱ ሰዋስው ውስጥ አስገብቶ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓምዶች ለመለያ ቁጥር፣ ስድስተኛውን መስመሩ የበፊተኛው ተከታይ መሆኑን ለሚያሳይ ምልክት፣ ከሰባተኛው እስከ ሰባ ሁለተኛው ያሉትን ለትእዛዙ መድቦ ነበር።

ለንግድ ሥራ የተነደፈው የኮቦል ቋንቋ ዜሮዎቹን በሚታተመው ዘገባ ላይ ማሳየት የማይገባ መሆኑን ተረድቶ፣ ትርጉም የሌላቸው የፊት ዜሮዎች በኅትመት ጊዜ በባዶ ቦታ እንዲተኩ የሚያዝዝ ምልክት በቁጥር አቀማመጥ መግለጫው ውስጥ አካትቷል። መተካት ግን ማንሣት አይደለም፤ የቦታው ስፋት እንዳለ ይቆያል፣ የሚለወጠው መልኩ ብቻ ነው። ርዝመታቸው እንደ ይዘታቸው የሚያጥርና የሚረዝም ስትሪንጎች እስኪመጡ ድረስ ቁምፊን በእርግጥ አንሥቶ መጣል የሚባል ነገር ትርጉም አልነበረውም።

እንዲህ ያሉትን ስትሪንጎች የሥራው ሁሉ መሠረት ያደረገው ቋንቋ ስኖቦል ነው። በቤል ላቦራቶሪዎች ዴቪድ ፋርበር፣ ራልፍ ግሪስዎልድና አይቫን ፖሎንስኪ በ1962 ሥራውን የጀመሩት ይህ ቋንቋ በዐሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ላይ ስኖቦል 4 ወደ ተባለው መልኩ ሲደርስ፣ ከስትሪንግ ውስጥ አንድን ቅርጽ ፈልጎ በሌላ የመተካት ችሎታ ነበረው፤ ቅርጹ ከመጀመሪያው ቁምፊ በፊት ካለው ቦታ እንዲነሣ አድርጎ «ተከታታይ ባዶ ቦታዎችን ፈልገህ በምንም ተካ» ማለትም በአንድ መስመር ይቻል ነበር። አስተውሎት የሚገባው ነገር ግን ቋንቋው በስም የታወቀ ፋንክሽን፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሥራ፣ የሰጠው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ለማንሣት ብቻ መሆኑ ነው። ከካርድ የተነበበ መስመር ሁልጊዜ 80 ቁምፊ ስለሚሆንና ጽሑፉ ካለቀበት እስከ 80ኛው ዓምድ ድረስ ባዶ ቦታ ስለሚከተለው፣ ጸሐፊዎቹን ዕለት ዕለት ያስቸገራቸው የኋላው ትርፍ ነበር። አንድ ቋንቋ ለየትኛው ሥራ ስም እንደሚሰጥና የትኛውን ለተጠቃሚው ብልሃት እንደሚተው የሚወስነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው የመሣሪያ ጠባይ ነው።

በዚያው ላቦራቶሪ በ1969 የተጀመረው የዩኒክስ ሥርዓት ጉዳዩን በሌላ መንገድ ወሰደው። ኬን ቶምፕሰን የሒሳብ ሊቁ ስቲቨን ክሊኒ በ1950ዎቹ ያስተዋወቀውን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የተባለ የቅርጽ መግለጫ ዘዴ በኮምፒዩተር ለመፈለግ የሚያስችል አሠራር በ1968 አሳትሞ ነበርና፣ ይህንኑ ዘዴ ኢዲ በተባለው የዩኒክስ የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ አስገባው። በዚህ ማረሚያ ውስጥ «^» የተባለው ምልክት ራሱ የማንኛውም ቁምፊ ወኪል ሳይሆን የመስመርን መጀመሪያ ያመለክታል፤ ስለዚህ ከእርሱ ቀጥሎ የሚጻፈው ቅርጽ በመስመሩ ራስ ላይ ካልሆነ በቀር በሌላ ቦታ ቢገኝም አይነካም። ሊ ማክማን በ1973 እና በ1974 የሠራው ሴድ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ያንኑ ሥልት ማረሚያውን መክፈት ሳያስፈልግ በማናቸውም የሚፈስስ ጽሑፍ ላይ እንዲሠራ ስላደረገ፣ ከ«^» ቀጥሎ ባዶ ቦታን ጽፎ በምንም መተካት የዩኒክስ ተጠቃሚዎች ሁሉ በቃል የሚያውቁት ሆነ።

ችግሩ ዋጋው ነበር። በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል፣ ማለትም ተጠቃሚው ትእዛዝ የሚሰጥበትና ስክሪፕት የሚጽፍበት ፕሮግራም፣ ለተለዋዋጮች፣ ማለትም ይዘት ለሚያድርባቸው መያዣዎች፣ ስም መስጠትና ይዘታቸውን ማውጣት ይችል እንደ ሆነ እንጂ ከይዘታቸው ላይ ቁራጭ ማንሣት አይችልም ነበር። ከአንድ ስም ፊት አንዲት ቁምፊ ለማስወገድ እንኳ ሴድን ወይም ኤክስፐር የተባለውን የስሌት መሣሪያ መጥራት፣ ከፋይል አድራሻ ውስጥ የመጨረሻውን ስም ብቻ ለማስቀረትም ቤዝኔም የተባለውን ሌላ ፕሮግራም ማስነሣት ግድ ነበር። እያንዳንዱ ጥሪ ሥርዓቱ አዲስ ሂደት እንዲወልድ፣ ፕሮግራሙን ከዲስክ እንዲያነሣና ውጤቱን መልሶ እንዲያስተላልፍ ስለሚያስገድድ፣ በዚያ ዘመን ማሽኖች ላይ ሺህ የፋይል ስሞችን ከፊት የሚቆርጥ ስክሪፕት ሺህ ፕሮግራሞችን አስነሥቶ ያጠፋ ነበር። ሴድ በራሱ ፈጣን መሣሪያ ቢሆንም ለአንዲት ቁምፊ መጥራቱ ብክነት መሆኑን የማያውቅ ባለሙያ አልነበረም።

መፍትሔውን ያመጣው በዚያው በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው ዴቪድ ኮርን ነው። በ1983 ለሕዝብ ያስተዋወቀው ኮርንሼል በ1988ቱ እትሙ፣ የተለዋዋጭን ይዘት በሚያወጣው የጠመዝማዛ ቅንፍ ውስጥ «#» የተባለውን ምልክት አስገብቶ ከእርሱ በኋላ ያለው ቅርጽ ከይዘቱ ፊት እንዲነሣ፣ በ«%» ደግሞ ከኋላ እንዲነሣ አደረገ። ምልክቱ አንድ ጊዜ ሲጻፍ ከቅርጹ ጋር የሚገጥመው አጭሩ ክፍል፣ ሁለት ጊዜ ሲደገም ደግሞ ረጅሙ ክፍል ይነሣል፤ በዚህም ምክንያት «##» ከኮከብና ከዝንባል መስመር ጋር ሲጻፍ እስከ መጨረሻው ዝንባል መስመር ያለውን የማኅደር አድራሻ በሙሉ አንሥቶ የፋይሉን ስም ብቻ ያስቀራል፣ ቤዝኔምን የመጥራት አስፈላጊነትም ይቀራል። የምልክቶቹ ምርጫ ለአዲስ አንባቢ እንግዳ ቢመስልም፣ በአሜሪካ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ «#» ከ«$» በስተ ግራ፣ «%» በስተ ቀኝ በመቀመጣቸው፣ ተለዋዋጭን ከሚጠራው «$» አንጻር የግራው ምልክት የፊትን፣ የቀኙ የኋላን ያነሣል ብሎ ለማስታወስ ይመቻል። ይህ አጻጻፍ በ1992 የጸደቀው ፖዚክስ የተባለው የሼል መስፈርት ውስጥ ስለ ገባና ብራያን ፎክስ የሠራው፣ በ1989 የወጣው ባሽም ስለሚቀበለው፣ ዛሬ ሊነክስ በሚሠራበት ማሽን ሁሉ ይገኛል። የኮርን ሥራ ከፍጥነቱ ይልቅ ሌላ ነገር ያስመሰግነዋል፤ የሚነሣው ነገር አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣ ቁራጭ መሆኑን በግልጽ የደነገገ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ቋንቋዎች ይህን ግልጽነት አጥተውታል።

በሌላው ወገን፣ በአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ዓለም፣ ማይክ ካውሊሾ ከ1979 ጀምሮ የሠራው ሬክስ የተባለው ስክሪፕት ቋንቋ ስትሪፕ የሚባል ፋንክሽን ነበረው። ይህ ፋንክሽን ከፊት፣ ከኋላ ወይም ከሁለቱም በኩል የሚለውን ምርጫ ከአንዲት ቁምፊ ጋር ተቀብሎ ያችኑ ቁምፊ በተደጋገመችበት መጠን ሁሉ ያነሣል። ለካርድ ዘመን ዜሮዎች የተሰፋ ልብስ ይመስላል።

የፊት ዜሮ ግን ከመልክ ጉዳይነት አልፎ የስሕተት ምንጭ የሆነበት ሌላ ታሪክ አለው። ቶምፕሰን በ1969 ገደማ ለመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ ማሽኖች በነደፈው ቢ በተባለው ቋንቋ፣ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር በስምንትዮሽ፣ ማለትም ከ0 እስከ 7 ባሉት አኃዞች ብቻ በሚሠራው የቁጥር ሥርዓት፣ እንደ ተጻፈ ይቆጠር ነበር። ዩኒክስ የተጀመረበት ፒዲፒ-7 የተባለው ማሽን የቃሉ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው መረጃ፣ ስፋት 18 ቢት ስለ ነበረና ይህም በአንድ የስምንትዮሽ አኃዝ ለሚያዙት ሦስት ቢቶች በእኩል ስለሚካፈል፣ ስምንትዮሽ ለማሽኑ የተፈጥሮ አጻጻፉ ነበር። ደንቡ ከቢ ወደ ሲ፣ ከሲም ወደ ሼሎች፣ ወደ ቲክል፣ ወደ ፐርል፣ ወደ ፓይተንና ወደ ጃቫስክሪፕት ሲተላለፍ ማሽኑ ከሥራ ወጥቶ ነበር።

ውጤቱ በቀን አቆጣጠር ላይ በግልጽ ይታያል። የወር ቁጥር በሁለት አኃዝ ሲጻፍ ከ01 እስከ 07 ያሉት ወራት በስምንትዮሽም በዐሥርዮሽም አንድ ዋጋ ስላላቸው ስክሪፕቱ ያለ እንከን ይሠራል፤ ልክ የአውሮፓውያኑ ስምንተኛ ወር በባተበት ዕለት «08» ሲመጣ፣ በስምንትዮሽ 8 የሚባል አኃዝ ስለ ሌለ ባሽ ስሌቱን አልቀበልም ብሎ ይቆማል። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ «10» በዜሮ ስለማይጀምር ችግሩ ማንም ሳይነካው ይጠፋል። ቲክል በተባለው የጆን አውስተርሃውት ቋንቋም ተመሳሳይ እንቅፋት ነበር። ሦስት አኃዝ ያላቸው ቁጥሮች የባሱ ናቸው፤ «010» ምንም የስሕተት መልእክት ሳያወጣ 8 ሆኖ ስለሚቆጠር የተሳሳተው ድምር ማንም ሳያውቀው ወደ ዘገባው ይገባል። መድኃኒቱ ዜሮውን ከፊት አንሥቶ ማስላት፣ ወይም ቁጥሩ በዐሥርዮሽ መሆኑን በግልጽ መናገር ነው። ላሪ ዎል በ1987 ያወጣው ፐርል በዚህ ረገድ ብልህ ነበር፤ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈውን 010 በስምንትዮሽ ቢያነብም፣ ከፋይል ወይም ከተጠቃሚ የመጣን ስትሪንግ ወደ ቁጥር ሲለውጥ ግን የፊት ዜሮዎችን ከቁም ነገር አይቆጥርም። ጃቫስክሪፕት ከስትሪንግ ቁጥር የሚያወጣው ፋንክሽኑ የፊት ዜሮን በስምንትዮሽ እንዳያነብ የተከለከለው በ2009ኙ አምስተኛው የመስፈርቱ እትም ሲሆን፣ ፓይተን ደግሞ በታኅሣሥ 2008 በወጣው ሦስተኛ ትውልዱ በዜሮ ብቻ የሚጀምር የስምንትዮሽ አጻጻፍን ከነአካቴው ሰርዞታል። ለአንድ ማሽን የቃል ስፋት ሲባል የወጣ ደንብ ለመነቀል አርባ ዓመት ገደማ ፈጅቷል ማለት ነው።

ፐርል ለፊት ባዶ ቦታ የተለየ ፋንክሽን አልሰጠም፤ «^» እና የክፍተት ምልክት ያለበት የመተካት ትእዛዝ እያለ ሌላ ነገር ማስተማር ትርፍ ነው የሚል እምነት ነበረው፣ በ2022 ከሁለቱም ጫፍ የሚያጠራ ፋንክሽን በሙከራ መልክ እስኪጨምር ድረስም በዚሁ ጸንቷል። ሌሎቹ ቋንቋዎች ግን ተጠቃሚው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ሳይማር እንዲሠራ ፈልገው የተዘጋጁ ፋንክሽኖችን አቀረቡ። በ1984 የተገለጸው ኮመን ሊስፕ፣ ቀጥሎም ቲክል፣ ከስትሪንጉ በተጨማሪ የቁምፊዎች ስብስብ ተቀብለው የስብስቡ አባል ያልሆነ ቁምፊ እስኪያጋጥማቸው ድረስ ከፊት እየለቀሙ የሚጥሉ ፋንክሽኖች ነበሯቸው። ፒኤችፒ በታኅሣሥ 2001 በወጣው 4.1.0 እትሙ፣ ፓይተንም በ2.2 ተከታታይ እትሞቹ፣ ቀድሞ ባዶ ቦታን ብቻ ያነሡ ለነበሩት ፋንክሽኖቻቸው ይህንኑ የስብስብ ግቤት ጨመሩ።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ስብስቡ የሚጻፈው እንደማንኛውም ስትሪንግ በጥቅስ ምልክት ውስጥ በመሆኑ፣ የሚያነበው ሰው አንድ ቁራጭ እንጂ በተናጠል የሚታዩ ቁምፊዎች ክምር መሆኑን የሚያውቅበት ምንም ምልክት የለም። ኤል-ስትሪፕ የተባለው የፓይተን ፋንክሽን «ከ» የሚለውን መነሻ «ከከተማ» ከሚለው ቃል ፊት እንዲያነሣ ቢታዘዝ «ከተማ» አይመልስም፤ ሁለቱንም «ከ» ለቅሞ «ተማ» ይመልሳል። «በበዓል» በዚሁ መንገድ «ዓል» ይሆናል። ከአንድ በላይ ፊደል ያለው መነሻ ሲሰጠው ጥፋቱ ለማየት ይከብዳል፤ «እንደእንግዳ» ከሚለው ፊት «እንደ» እንዲነሣ ሲታዘዝ፣ «እ»፣ «ን» እና «ደ» በማናቸውም ቅደም ተከተል ቢመጡ የሚለቀሙ ስለሆኑ ከ«እንግዳ» ውስጥም «እን» አብሮ ሄዶ የሚተርፈው «ግዳ» ብቻ ነው። «እንደልማዱ» ግን በትክክል «ልማዱ» ይሆናል። ጸሐፊው ፕሮግራሙን በ«እንደልማዱ» ፈትኖ ደስ ብሎት ሲያበቃ፣ ስሕተቱ ከወራት በኋላ በሌላ ሰው መረጃ ላይ ይወጣል። የኮርን ሼል ምልክት በ1988 እንዲህ ላለው ሥራ ትክክለኛውን መልስ ይሰጥ እንደ ነበር ማስታወስ ተገቢ ነው።

ይህ ስሕተት በፓይተን ተጠቃሚዎች ዘንድ ለዓመታት ሲደጋገም ከኖረ በኋላ፣ ዴኒስ ስዊኒ በመጋቢት 2020 ቁጥሩ 616 የሆነ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡም የታወቀ መነሻ ቁራጭን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሣ፣ ቁራጩ ከሌለ ስትሪንጉን እንዳለ የሚመልስ የተለየ ፋንክሽን እንዲኖር የሚጠይቅ ነበር። በውይይቱ ውስጥ ብዙ ቃል የፈጀው ሥራው አስፈላጊ መሆኑ ሳይሆን ፋንክሽኑ ማን ይባል የሚለው ነበር፤ በመጨረሻ ሪሙቭ-ፕሪፊክስ ተብሎ በጥቅምት 2020 ከወጣው የፓይተን 3.9 እትም ጋር ተካቷል። ሩቢ በታኅሣሥ 2017 በወጣው 2.5 እትሙ ዲሊት-ፕሪፊክስ የተባለ አቻውን ጨምሮ ቀድሞታል፤ የሩቢ ኤል-ስትሪፕ በመጀመሪያው መልኩ የስብስብ ግቤት የማይቀበል ስለ ነበር ለስሕተቱ በር የከፈተ አልነበረም። ፓይተን ሠላሳኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲል ይህን መለየቱ ዘግይቷል ማለት ይቻላል፤ መዘግየቱን የሚያብራራው ግን ቸልተኝነት ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ፍላጎት አዲስ ፋንክሽን ላለመጨመር ቋንቋው የነበረው ጥንቃቄ ነው።

ጃቫስክሪፕት ከዚህ የተለየ ክርክር ገጥሞት ነበር። አሳሾች «ከግራ አጥራ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ለረጅም ጊዜ ሲደግፉት የቆየው ፋንክሽን ወደ መስፈርቱ የገባው በ2019 «ከመጀመሪያው አጥራ» በሚል አዲስ ስም ነው፤ ዋናው ምክንያት በ2017 ከገቡት የመሙያ ፋንክሽኖች ስም ጋር ለማስማማት ነበር። ለውጡ ሌላ ጥቅምም አለው፤ በዐረብኛና በዕብራይስጥ ጽሑፍ የስትሪንግ መጀመሪያ በማያ ገጽ ላይ የሚታየው በቀኝ እንጂ በግራ ስላልሆነ፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ለሚሠራ ሰው «ግራ» የሚለው መጠሪያ ሐሰት ነበር።

የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ጽሕፈቶች ቁምፊዎች በቁጥር ወደሚለየው መስፈርት የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 በነደፉት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አመዘጋገብ በዚያ እትም የገባው እያንዳንዱ የግእዝ ቁምፊ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር የሚያድርበት የማኅደረ ትውስታ ክፍል ነው። በዋናው የግእዝ ሰንጠረዥ ውስጥ ያሉት ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ሲሆን ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ስትሪንግን በባይት የሚመለከቱ ቋንቋዎች በአማርኛ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት አስቀድሞ መናገር ይችላል። ኤል-ትሪም የተባለው የፒኤችፒ ፋንክሽን ስትሪንግን የሚያየው እንደ ባይቶች ተራ በመሆኑ፣ ሁለት ነጥብን «፡» ከጽሑፍ ፊት እንዲያነሣ ቢታዘዝ ስብስቡን 225፣ 141 እና 161 ብሎ ይይዘዋል። ጽሑፉ ሁለት ነጥብ በሌለበት «ሰላም» ተብሎ ቢጀምር እንኳ «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ስለሆነ የመጀመሪያው ባይት ተለቅሞ ሁለቱ ይቀራሉ፣ በማያ ገጹም ላይ ፊደል ሳይሆን የተሰበረ ቁምፊ ምልክት ይታያል። ስትሪንግን በባይት ይመለከት የነበረው የፓይተን ሁለተኛ ትውልድም ከዚህ ነፃ አልነበረም። የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ አንድ ባይት ብቻ ስለሚይዙ ይህ ጉድለት በእንግሊዝኛ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ አልተሰማም።

የባሰው ደግሞ ቋንቋው ባይትን ከቁምፊ ለይቶ በሚያውቅበትም ጊዜ የማይፈታው ጉዳይ ነው። ፋንክሽኖቹ ግቤት ሳይሰጣቸው ሲጠሩ ባዶ ቦታን ያነሣሉ፤ ባዶ ቦታ የሚባለው ምን እንደ ሆነ የሚወስነው ደግሞ የዩኒኮድ መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ኦጋም የተባለው የጥንታዊ አየርላንድ ጽሕፈት ቃላት መለያ፣ በብዙ ቅርጸ ፊደሎች በመስመር መልክ የሚታይ ቢሆንም፣ ከባዶ ቦታ ጋር ተመድቧል። ቃልን ከቃል የሚለየው የግእዝ ሁለት ነጥብ ግን በሥርዓተ ነጥብነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ከብራና ወይም ከቀድሞ ኅትመት ተገልብጦ በሁለት ነጥብ የሚጀምር መስመር በየትኛውም ቋንቋ የተለመደ የማጥራት ፋንክሽን ሳይነካው ያልፋል። ምደባው የሚታይ ቀለም ያለውን ምልክት ሥርዓተ ነጥብ ከማለት የመጣ ቢሆን ለኦጋምም መሥራት ነበረበት፤ ወጥ አለመሆኑ አያከራክርም።

የአማርኛ ቅድመ ቅጥያዎችን ማንሣት ከጽሑፍ ማጥራት አልፎ የምርምር መስክ ሆኗል። በመረጃ ፍለጋ ሥራ ውስጥ አንድ ፈላጊ «ከተማ» ብሎ ሲጽፍ «ከከተማ»፣ «ለከተማ» እና «የከተማ» የሚሉትንም የያዙ ጽሑፎች እንዲያገኝ ቃላት ወደ ሥራቸው መመለስ አለባቸው፤ ማርቲን ፖርተር በ1980 ለእንግሊዝኛ ያሳተመው ታዋቂ አሠራር የሚያነሣው የቃል መጨረሻን ብቻ ሲሆን፣ ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት በ2002 ባሳተሙት የአማርኛ ጥናት ግን ከፊትም ማንሣት ግድ ሆኗል። በዚህ ሥራ ላይ የስክሪፕት ቋንቋዎች ፋንክሽኖች፣ ትክክለኛዎቹ እንኳ፣ ዳር ላይ ይቀራሉ። «ከአዲስ አበባ» ከሚለው ፊት «ከ» በቀላሉ ይነሣል፤ «ካዲስ አበባ» ተብሎ ሲጻፍ ግን የ«ከ» ተነባቢና የ«አ» አናባቢ በአንድ ፊደል ውስጥ ስለ ተዋሐዱ፣ የሚነሣው ነገር ከቁምፊ ያነሰ ነው። «ካ» በሙሉ ቢነሣ «ዲስ» ይቀራል፣ ባይነሣ ቅድመ ቅጥያው ይቆያል። ለዚህ ፊደሉን ወደ ተነባቢና አናባቢ በትኖ ከሠሩ በኋላ መልሶ መግጠም ያስፈልጋል። መነሻው ቅጥያ ሳይሆን የቃሉ አካል የሆነበት ሁኔታም አለ፤ «በሬ» ከሚለው «በ» ቢነሣ ትርጉም ያለው ነገር አይተርፍም፣ ይህንንም ከመዝገበ ቃላት በቀር የሚለይ ደንብ የለም።

ፒኤችፒ በኅዳር 2024 በወጣው 8.4 እትሙ ቁምፊን በባይት ሳይሆን በሙሉ የሚያይ አዲስ የማጥሪያ ፋንክሽን አምጥቷል፤ ከፊት ባዶ ቦታ ብሎ የሚያውቃቸው ቁምፊዎች ዝርዝር የኦጋምን መለያ ሲይዝ ሁለት ነጥብን አልያዘም። በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በግእዝ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ባለሙያ የትኛውንም ቋንቋ ቢጠቀም «፡»ን ራሱ በዝርዝሩ ላይ ሊጨምር፣ ቅድመ ቅጥያ ሲያነሣም በስብስብ የሚለቅመውን ፋንክሽን ትቶ ቁራጭን አንድ ጊዜ የሚያነሣውን ሊመርጥ ይገባዋል።